ጡረተኛው ዘጋቢ በአቴና ችሎት

የዋሽንግተን ጋዜጠኝነት ለረጅም ዘመን የቆመው ለባለሥልጣን በመቅረብ ላይ ነበር፤ ዘጋቢው ስሙ እንዳይጠቀስ የሚፈልግ ሹም የሚያንሾካሹክለትን እየሰማ ከአንባቢው ይልቅ ለምንጩ ይቀርባል፣ ውሎ አድሮም ነገሩን ሁሉ በሹሙ ዓይን ማየት ይለምዳል። ይህን ልማድ በሥራው ከተፈታተኑት መካከል በፊላደልፊያ የተወለደው አይ. ኤፍ. ስቶን (እ.ኤ.አ. 1907–1989) አንዱ ነው። ስቶን በኒው ዮርክ ፖስት፣ በኔሽን መጽሔትና ፒ. ኤም. በተባለው ዕለታዊ ጋዜጣ ከሠራ በኋላ፣ በማካርቲ ዘመን፣ ማለትም ግራ ዘመም የተባለ ሁሉ እንደ ከሃዲ በሚታደንበት ወቅት፣ የሚቀጥረው ቢያጣ በ1953 አራት ገጽ ብቻ ያላትን የራሱን ሳምንታዊ ጋዜጣ አቋቋመ፤ ባለቤቱ ኤስተር የደንበኞቹን ጉዳይ እየያዘች ከ5,000 ጥቂት በሚበልጡ ደንበኞች የተጀመረችው ጋዜጣ በ1971 ስትዘጋ ወደ 70,000 ደርሳ ነበር።

ጆሮው ይከብደው ስለነበር ከጋዜጣዊ መግለጫ አዳራሽ ይልቅ በጽሑፍ የወጣውን ቃለ ጉባኤ ይመርጥ ነበር፤ ጉድለቱ ግን ስልት ሆነለት። መንግሥት ሊደብቅ የሚፈልገውን ነገር ብዙውን ጊዜ ራሱ በሌላ ሰነድ፣ በሌላ መሥሪያ ቤት ስም፣ ማንም በማያነበው ገጽ አትሞ ያወጣዋል የሚለው እምነቱ በተግባር የተፈተነው በኑክሌር ጉዳይ ነው። በ1957 መስከረም አሜሪካ በኔቫዳ በረሃ ከመሬት በታች የኑክሌር ሙከራ ካደረገች በኋላ የአቶሚክ ኃይል ኮሚሽን ፍንዳታው ከ200 ማይል ርቀት ወዲያ ሊታወቅ አልቻለም ብሎ ነበር። ነገሩ ተራ የቁጥር ጉዳይ አልነበረም፤ ሙከራ ከሩቅ የማይታወቅ ከሆነ ሙከራን የሚያግድ ውል ቢፈረምም መከበሩን ማረጋገጥ አይቻልም፣ ውሉን የማይፈልጉ ወገኖችም ያሉት ይህንኑ ነው። ስቶን ግን ፍንዳታው በሩቅ ከተሞች መመዝገቡን የሚናገሩ አጫጭር ዜናዎችን ከኒው ዮርክ ታይምስ ቆርጦ አስቀምጦ ነበርና፣ የመሬት መንቀጥቀጥ የሚመዘግበውን የመንግሥት መሥሪያ ቤት ጠይቆ ከ2,000 ማይል በላይ በሚርቀው አላስካ ሳይቀር መመዝገቡን አረጋገጠ፤ ኮሚሽኑም መግለጫውን አረመ። ሚስጥር አቀባይ ሹም አላስፈለገውም።

በፖለቲካ ስቶን ግራ ዘመም ነበር፤ ሆኖም በ1956 ሶቪየት ኅብረትን ጎብኝቶ ሲመለስ ያየውን ሥርዓት ጥሩ አይደለም ብሎ ጻፈ፣ በዚህም ከደንበኞቹ አንዳንዶቹ ተለዩት። ወገኑን የሚያሳዝን እውነት ማተም ከጠላት ጋር ከመጣላት ይልቅ የሚከብድ ፈተና ነውና ይህ ጽሑፍ ከቬትናም ጦርነት ዘገባዎቹ ባልተናነሰ ሊታወስ ይገባዋል።

የልብ ሕመም ጋዜጣውን ካዘጋው በኋላ ጡረተኛው ዘጋቢ የሐሳብ ነጻነትን ታሪክ ለመጻፍ ተነሣ፤ ፍለጋውም ወደ ጥንታዊቷ አቴና ወሰደው፣ በትርጉም ላይ መተማመን ስላልፈለገም በስተርጅና ጥንታዊውን ግሪክኛ ተማረ። በ1988 የታተመው የሶቅራጥስን የፍርድ ሂደት የሚመረምር መጽሐፉ የዚህ ፍሬ ነው። በ399 ቅድመ ልደተ ክርስቶስ ፈላስፋው ለሞት የተፈረደበትን ችሎት በዋነኛነት የምናውቀው ከደቀ መዝሙሩ ከፕላቶ ነው፤ ስቶንም ፕላቶን እንደ አንድ ወገን ምንጭ ይመረምረዋል። ክሱ አማልክትን አለማክበርና ወጣቶችን ማበላሸት ይላል፤ ነገር ግን ከችሎቱ 5 ዓመት በፊት ሠላሳው ጨቋኞች የሚባሉት ሕዝባዊውን አገዛዝ አፍርሰው አቴናን በደም ገዝተዋት ነበር፣ ከመሪዎቻቸው አንዱ ክሪቲያስም ከሶቅራጥስ ጋር ይውሉ ከነበሩት ነው። ሕዝባዊው አገዛዝ ሲመለስ የታወጀው ምሕረት ያለፈውን የፖለቲካ በደል መክሰስን ስለከለከለ፣ ክሱ ስለ ክሪቲያስ ዝም ማለቱ አያስገርምም። ስቶን ከዚህም አልፎ፣ ሶቅራጥስ አቴናውያን ኢሴጎሪያ የሚሉትን፣ ዜጋ ሁሉ በጉባኤ እኩል የመናገር መብቱን፣ ጠቅሶ ቢከራከር ነጻ በወጣ ነበር፤ ያላደረገውም የሚንቀውን ሥርዓት ማወደስ ስለሚሆንበት ነው ይላል።

ከዐረብኛ ወደ ግእዝ በተመለሰው መጽሐፈ ፈላስፋ ሶቅራጥስን እንደ ጠቢብ መካሪ ለሚያውቅ ኢትዮጵያዊ አንባቢ ይህ ሥዕል ጎርባጭ ነው። የግሪክ ታሪክ ምሁራንም ብዙ ነቅፈውታል፤ ነቀፌታው በአንድ ነገር ትክክል ነው፣ ስቶን የፕላቶን ሐሳብ ለመምህሩ የሚያሸክምበት ጊዜ አለና። ቢሆንም ፍርዱን አይደግፍም፤ በንግግሩ ሰውን የገደለች ከተማ የራሷን እምነት እንደካደች ይቆጥራል፣ ክፉ አመለካከት ያለው ሰውም የመናገር መብት አለው የሚለው አቋሙ ከዋሽንግተን እስከ አቴና አልተለወጠም። መጽሐፉን የሚያነሣ ሰው ግን አስቀድሞ ፕላቶ የጻፈውን የሶቅራጥስን መከላከያ ቢያነብ ይሻለዋል፤ ስቶንም ቢሆን አንድ ምንጭ ነው።