የተደፋ ጣሳ

እናቴ ጠላ ሻጭ ነች። ይህን በግቢያችን ለማንም ተናግሬው አላውቅም፤ አሁን ስጽፈው እንኳ ላብ ላብ ይለኛል። በራችን ላይ እንጨት ቆሟል፤ በጫፉ ጣሳ ተደፍቶበታል። መንገደኛ ሁሉ ያነበዋል፣ ፊደል ያልቆጠረውም ጭምር። እኔ ከመወለዴ በፊት ጀምሮ ያንን ጣሳ «ማን ፈቀደልሽ?» ብሎ የጠየቃት የለም። ደብተሬም፣ ጫማዬም፣ እዚህ ያመጣኝ የአውቶቡስ ሒሳብም ከዚያ ጣሳ ሥር የወጣ ነው።

አምና ጉልበቷ ደከመ። ጌሾ መውቀጡ በቃኝ አለችና ቢራና አረቄ የሚሸጥባት ትንሽ ግሮሰሪ ልትከፍት አሰበች። ማመልከቻውን የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ «ጉዳዩ፦ የንግድ ፈቃድ ስለ መጠየቅ» ብዬ፣ ከሥሩ አስምሬበት። መታወቂያው፣ የግብር ከፋይ ቁጥሩ፣ የቤቱ ሰነድ ሁሉ ተያያዘ። ሁለት ሰዎች ቤቱን ሊያዩ መጡ። ደጃፉ ላይ ቆመው ማዶውን ተመለከቱ። ማዶ ያለው እኔ የተማርኩበት ትምህርት ቤት ነው።

«እማማ፣ እዚህስ አይሆንም። ትምህርት ቤት አጠገብ መጠጥ ቤት አንፈቅድም።»

«ጠላውስ ልጄ?»

«እሱን አላየንም።»

እንዴ! በጣሳው ሥር አልፈው ገብተው አላየንም!

ልናደድ ፈልጌ አፌ ተያዘ። ከዚያ ሁለት ወር ቀደም ብሎ፣ በግቢያችን በር ያሉት መጠጥ ቤቶች ይነሡልን የሚለውን ፊርማ ለማሰባሰብ ከዶርም ዶርም የዞርኩት እኔው ነበርኩ። በ2011 ዓ.ም. የወጣውን ዐዋጅ ቁጥር 1112 እየጠቀስኩ፦ ከ21 ዓመት በታች ላለ ሰው አልኮል መሸጥ ክልክል ነው፤ በሬድዮና በቴሌቪዥን ማስታወቂያው እንኳ ተከልክሏል፤ ታዲያ የአንደኛ ዓመት ተማሪ ዕድሜው ስንት ነው? ብዬ ተከራክሬአለሁ። ዛሬም ክርክሩ ልክ ይመስለኛል። አብሮኝ የገባ ልጅ በዚያ በር በሰው ትከሻ ሲመለስ፣ ኋላም ዓመቱን ሳይጨርስ ሻንጣውን ሲያነሣ አይቻለሁ። ብቻ፣ ከነዚያ ቤቶች ባለቤቶች መካከል የተማሪ እናት ትኖር እንደሆን አልጠየቅኩም።

(ትምህርት ቤቱ ሲሠራ ግንበኞቹ ጠላ የጠጡት እኛ ቤት ነው ትላለች እናቴ።)

ክረምት አገር ቤት ስገባ «ወደ ገበያው በኩል ቤት ተከራይቼ ልሞክር ይሆን?» አለችኝ። ቁጭ ብለን አሰላን። ኪራዩ ብቻውን ከጠላው ትርፍ በለጠ። ወረቀቱን አጣጥፋ መሶቡ ሥር ሸጎጠችው። በማግሥቱ ማለዳ ጣሳውን አውርዳ በአመድ ፈተገችው፤ መልሳም ደፋችው።