አፍሽን ገጠም አድርጊው

የላይኞቹ ስድስት የፊት ጥርሶቼ ልብስ የለበሱ ናቸው። ያለበሰኝ አንድ የጥርስ ሐኪም ነው፤ በ2004 ዓ.ም.። ዛሬ ያ ልብስ አርጅቷል። ድዴ ሥር ቡናማ መስመር አውጥቷል፣ የአንዱ ጠርዝ ተሸርፏል፣ ነጭ የነበረው የከረመ ወረቀት መስሏል። ከንፈሬን ገልጬ መስታወት ባየሁ ቁጥር ታናሽ እህቴ ትመጣብኛለች። የበደልኳት እሷን ነው፤ የምናዘዘውም ስለ እሷ ነው።

ወንጂ ተወልደን አደግን። አባታችን ሆላንዶች በ1946 ዓ.ም. ሥራ ባስጀመሩት ስኳር ፋብሪካ፣ አገዳ ማሳ ላይ ዕድሜውን ጨረሰ። የጠጣነው የጉድጓድ ውኃ ነው። ጥርት ያለ ውኃ ነበር፤ ፍሎራይድ እንደበዛበት ምላስ አይለይም። የዓለም ጤና ድርጅት በሊትር ከ1.5 ሚሊግራም አይለፍ ይላል፤ በስምጥ ሸለቆ ግን ከዚያ ብዙ እጥፍ የሚያልፉ ጉድጓዶች አሉ። ፍሎራይድ በልኩ ሲሆን ጥርስ ያጠነክራል። ሲበዛ ግን ጥርሱ ገና ድድ ውስጥ እየተሠራ ሳለ ሽፋኑን ያበላሸዋል፤ ጥርሱ በዓይን የማይታይ ቀዳዳ ይዞ ይወጣና ቀለም እየጠጣ ቡናማ ይሆናል። ይህን ማን ነግሮን! በአመድ ፈተግነው፣ በከሰል አሸነው፣ ድዳችን እስኪደማ በመፋቂያ ፋቅነው። አባቴ በስተርጅናው አንገቱን ማዞር ተስኖት፣ ሰው ሲጠራው መላ አካሉን ይዞ ይዞር ነበር። ፍሎራይድ ሲጠራቀም አጥንትንም እንደሚያደርቅ የሰማሁት እሱን ከቀበርን በኋላ ነው።

ወንጂ ሳለን የሁላችንም ጥርስ አንድ ስለነበር ማንም አያፍርም። ማፈርን የተማርኩት በ12 ዓመቴ አዲስ አበባ፣ አክስቴ ዘንድ ስመጣ ነው። ገና አፌን ስከፍት፣ «የናዝሬት ልጅ ነሽ እንዴ?» ይሉኛል። በእጄ ሸፍኜ መሳቅ ለመድኩ፤ ኋላ መሳቁንም ተውኩት።

ሥራ ስይዝ ሁለት ዓመት ቆጥቤ ሐኪም ዘንድ ሄድኩ። 16 የጥርስ ቀለሞች የተደረደሩበትን ናሙና ከአፌ አጠገብ ይዞ ለፊቴ የሚስማማውን አሳየኝ። እኔ ከሁሉም ነጩን፣ ቢ1 የሚሉትን መረጥኩ። ቡናማውን በስሱ ሞረደ፣ በፎስፎሪክ አሲድ አሻከረ፣ ማጣበቂያ ቀባ፤ ከዚያ ኮምፖዚቱን እንደ ሊጥ በትንሽ በትንሹ እየደረበ በሰማያዊ ብርሃን አጠነከረው። «ይህ ሙጫና የመስታወት ዱቄት ነው» አለኝ። «አምስት ዓመት፣ ቢበዛ አሥር ዓመት ይቆይልሻል። ቡናና ሻይ ይጠጣል።» የሰማሁት አይመስለኝም። መስታወቱን ይዤ አለቅስ ነበር።

ባለቤቴን የተዋወቅሁት ከዚያ በኋላ ነው። ጥርስሽ ሲያምር ሲለኝ ዝም አልኩ። ያደግኩት አዲስ አበባ ነው አልኩት። እህቴን ባስተዋወቅሁት ዕለት ጥርሷን አየ፤ እንዳየም አየሁ። «እሷ ወንጂ ቀርታ ነው፤ እኔ በልጅነቴ ወጣሁ» ብዬ ቀደምኩት። የፊት ጥርስ ሽፋን ግን ገና በሕፃንነት ተሠርቶ ያልቃል፤ እኔ ወንጂን ስለቅ የእኔም አልቆለት ነበር። ሐኪሙ ነግሮኛል፤ አውቅ ነበር። እያወቅሁ የገዛ እህቴን መሸፈኛ አደረግኳት።

ሠርጌ ላይ ሚዜዬ ነበረች። ለቀሚሱ ያወጣችው የስንት ወር ደመወዟን እንደሆነ አልጠየቅኋትም። ፎቶ አንሺው «ፈገግ በሉ!» ሲል ወደ ጆሮዋ ጠጋ ብዬ፣ «አፍሽን ገጠም አድርጊው» አልኳት። ቀና ብላ አላየችኝም። ገጠመችው። ከዚያ ወዲህ በተነሳነው ፎቶ ሁሉ አፏ ግጥም ያለ ነው።

እኔ ደግሞ ሽፋኔን ስጠብቅ ኖርኩ። ቡና ሲቀርብ ጨጓራዬን ያመኛል እላለሁ። እርድ የበዛበት አልጫ እሸሻለሁ። መደብዘዝ ሲጀምር ማስነጫ ገዝቼ ማታ ማታ ተቀባሁ፤ ኮምፖዚት ግን በማስነጫ አይነጣም። ዙሪያውን ያሉት የራሴ ጥርሶች ፈካ አሉና የተለበጡት ጭራሽ ለይተው ታዩ። አሁን አንሥቶ እንደ አዲስ ሊሠራልኝ ሐኪሙ ሁለት ጊዜ ቀጠሮ ሰጥቶኛል። አልሄድኩም።

ለዘንድሮ ዳግማይ ትንሣኤ ወንጂ፣ እህቴ ቤት ሄድኩ። ልነግራት ወስኜ ነበር። አቦሉ ሲቀዳ ስኒ ሳብኩ።

«ጨጓራሽስ፣ እትዬ?»

«ደህና ነኝ፤ ቅጂልኝ።»

ቀዳችልኝ። ከ12 ዓመት በኋላ በእህቴ እጅ የተፈላ ቡና ስጠጣ ጉሮሮዬ ተዘጋ፤ ያዘጋጀሁት ቃል ሁሉ ጠፋኝ። የሠርጌ ፎቶ በመስታወት ተለብጦ ከቴሌቪዥኑ በላይ ተሰቅሏል። ቶናው ሲቀዳ ትንሿ ልጇ ፎቶው ሥር ቆማ አንጋጠጠች።

«እማዬ፣ ሁሉም እየሳቁ አንቺ ብቻ ለምን ተኮሳተርሽ?»

እህቴ ዓይኗን ከጀበናው አላነሳችም። «ፀሐዩ ዓይኔን ወግቶኝ ነው» አለቻት።

ፎቶውን የተነሳነው ማታ ነው፤ አዳራሽ ውስጥ።