ያማሃ ወይስ ቦክሰር?

እብናት ያለው ወንድሜ የእንስሳት ሐኪም ነው። ከቀበሌ ቀበሌ በእግር መዞር ስለሰለቸው ሞተር ሊገዛ ነው፦ ያገለገለ ያማሃ ኤጂ 100 ወይስ ከሱ የሚረክስ የህንድ ቦክሰር? እናንተዬ፣ የዋጋው ልዩነት የአባባ አንድ በሬ ነው!

ያማሃው እውነትም የገጠር ሞተር ነው። ሰንሰለቱ ሙሉ በሙሉ የተሸፈነ ስለሆነ የሐምሌ ጭቃ አይበላውም። ማቆሚያው በግራም በቀኝም ነው፤ ተዳፋት ላይ ሞተር አቁሞ የሚያውቅ ይገባዋል። ከፊትም ከኋላም የዕቃ መጫኛ አለው። ችግሩ ቱ ስትሮክ መሆኑ ነው፤ ቤንዚኑን ብቻ ሳይሆን ዘይትም አብሮ ያነዳል፤ ለዚህም የተለየ የዘይት ቋት አለው። ቦክሰሩ ግን ፎር ስትሮክ ስለሆነ ነዳጅ ይቆጥባል። ቤንዚን በሃይላንድ ጠርሙስ ለሚገዛ ሰው (ሃይላንድ ስል ፕላስቲኩን ነው) ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ጉልበትን አታንሱብኝ፤ ወደ ጉና ሽቅብ ሲወጣ አየሩ ስለሚሳሳ ሁለቱም ይደክማሉ።

እኔ ቦክሰሩን ነው የምለው። ጭቃ ይታጠባል፤ በሰኔ አንድ በሬ የጎደለው ጥማድ ግን አያርስም።

«እቴ፣ አዲስ አበባ ሆነሽ ጭቃው ተረስቶሻል» ይለኛል። አባባ በሬውን ገና ገበያ አላወጣውም።