የይፋቱ ሳክስፎን በኦርኬስትራ ፊት

በጥር 2004 ከቦስተን የመጣ አሥር ሰው ያለበት የጃዝ ኦርኬስትራ አዲስ አበባ ላይ መድረክ ወጣ። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመቶች በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) ስሙ ኢዘር ኦርኬስትራ ነው። «ሙዚቃዊ ስልት»ንና ሽለላን የመሳሰሉ የእኛኑ ሥራዎች በራሱ ቅንብር አዘጋጅቶ ነበር የመጣው። ዱክ ኤሊንግተን በ1973 ኦርኬስትራውን ይዞ መጥቶ ከተጫወተ ወዲህ ኢትዮጵያ ውስጥ የተጫወተ የመጀመሪያው የአሜሪካ ቢግ ባንድ እንደሆነ ይነገራል። ሠላሳ ዓመት አልፎ ማለት ነው።

ያ ዝግጅት ተቀርጾ በቀጣዩ ዓመት ፍራንሲስ ፋልሴቶ በሚያዘጋጀው የኢትዮፒክስ ተከታታይ ውስጥ 20ኛ ሆኖ፣ «ላይቭ ኢን አዲስ» ተብሎ በሁለት ሲዲ ወጣ። ሙላቱ አስታጥቄ አለበት። ባህታ ገብረ ሕይወት፣ ጸደንያ ገብረ ማርቆስ፣ ሚካኤል በላይነህ አሉበት። እኔ ዛሬ ልጽፍ የተነሳሁት ግን ከእንግዶቹ ስለ አንዱ ነው፤ ስለ ጋሽ ጌታቸው መኩሪያ። የሀገሬ ሰው መሆናቸው አንድ ነገር ነው። ከዚያ በላይ ግን ስለ ቆየ ሙዚቃ ባወራን ቁጥር አፋችን ላይ የሚመጣውን «ድሮ ቀረ» የሚል ለቅሶ እኚህ ሰው በሳክስፎናቸው ስላፈረሱት ነው።

ጋሽ ጌታቸው በ1935 ይፋት ውስጥ ተወለዱ። ይፋትን የማታውቁ ከደብረ ብርሃን ተነስታችሁ ጣርማ በርን እለፉ። ጋቢ የሚያስደርበው የደብረ ብርሃን ብርድ ዋሻውን አልፋችሁ ወደ ደብረ ሲና ስትወርዱ ይለቃችኋል። ገብሱ ቀርቶ ማሽላው ይመጣል፤ ሸዋ ሮቢት ስትደርሱ ጃኬት መልበሳችሁም ይቆጫችኋል። አንኮበር አፋፉ ላይ ቆሞ ወደ ምሥራቅ የሚመለከት ሰውም ዓይኑ የሚያርፈው ቆላው ላይ ነው። ሰው ከዳገት ዳገት የሚጣራበት አገር ነው። ድምፅን ከፍ አድርጎ፣ መጨረሻውን ጎትቶ፣ ገደሉ እንዲቀበለው አድርጎ መልቀቅን ልጅ ከብት ሲጠብቅ ይለምደዋል።

በተወለዱ በዓመቱ ጣሊያን አዲስ አበባ ገባ። እስከ 1941 ድረስ የሸዋ አርበኛ በራስ አበበ አረጋይ መሪነት በእነዚህ ተራሮች ሲዋጋ ኖረ። ስለዚህ ጋሽ ጌታቸው ነፍስ ያወቁት ሽለላና ቀረርቶ የሠርግ ማድመቂያ ከመሆኑ በፊት፣ ሰው ወደ ሞት ሲሄድ ልቡን የሚያጀግንበት ነገር በነበረበት ዘመን ነው። ይህን ሳያስቡ የእሳቸውን ሳክስፎን መስማት ይቻላል፤ አስበው ሲሰሙት ግን ሌላ ነው።

ሙዚቃን የጀመሩት በክራርና በማሲንቆ ነው። ከዚያ ወደ ክላርኔትና ሳክስፎን አለፉ። በ1949፣ ገና በአሥራዎቹ ዕድሜ ሳሉ፣ የአዲስ አበባ ማዘጋጃ ቤት ባንድ ገቡ። በ1955 ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቲያትር፣ የዛሬው ብሔራዊ ቲያትር፣ ሲከፈት የዚያው ኦርኬስትራ አባል ሆኑ። በ1965 ደግሞ ወደ ፖሊስ ኦርኬስትራ ተዛወሩ። በዚያ ዘመን የሳክስፎን ነፊ ሥራው ከጓደኞቹ እኩል ኖታውን ተከትሎ ዘፋኙን ማጀብ ነበር። ጋሽ ጌታቸው ግን ሽላዩ በአፉ የሚያደርገውን በሳክስፎን አደረጉት። መፎከሩን፣ መጎተቱን፣ እልሁን፣ ትንፋሽ ሲያጥር የሚመጣውን ሻካራ ድምፅ ሳይቀር። ቃል የለውም፤ ሆኖም አንድም ኢትዮጵያዊ ምን እየተባለ እንደሆነ አይጠፋውም።

የሚጫወቱበት ኦርኬስትራም በአንድ ጀምበር የተፈጠረ አልነበረም። ከሁሉ በፊት የነገሥታቱ እምቢልታ አለ፤ አንኮበር የሸዋ ነገሥታት መቀመጫ በነበረችበት ዘመንም ነጋሪትና እምቢልታ የንግሥና ምልክት ነበሩ። እምቢልታ ብቻውን ዜማ አይወጣውም። እያንዳንዱ ነፊ አንድ ሁለት ድምፅ ብቻ ይዞ ይቆማል፤ ዜማው የሚወለደው ሦስቱ ተራቸውን ጠብቀው ሲቀባበሉ ነው። የቢግ ባንድ የትንፋሽ ክፍል ምን እንደሆነ ለሸዋ ሰው ለማስረዳት ከዚህ የተሻለ መንገድ አላውቅም። ከአድዋ ድል በኋላ የነሐስ መሣሪያ ከሩሲያ መጣ። በ1924 ራስ ተፈሪ ኢየሩሳሌም ላይ ያገኟቸው አርባ ወላጅ አልባ አርመናውያን ወጣቶች፣ በታሪካችን «አርባ ልጆች» የሚባሉት፣ ከመሪያቸው ከኬቮርክ ናልባንዲያን ጋር አዲስ አበባ ገቡ። የኬቮርክ የወንድም ልጅ ነርሲስ ናልባንዲያን ደግሞ በቲያትሩ ኦርኬስትራ ውስጥ ከሁሉም የከበደውን ሥራ ሠሩ፤ የእኛን ዜማ ለአንድ ሙሉ የትንፋሽ ክፍል እየከፋፈሉ በወረቀት ጻፉት።

ይህ ሥራ ለምን እንደሚከብድ ለማወቅ ባቲን ወይም አንቺ ሆዬን ወስዶ ከሥሩ የምዕራብ ኮርድ መደርደር መሞከር ይበቃል። ቅኝታችን ባለ አምስት ድምፅ ነው። ኮርዱ ከቅኝቱ ውጭ የሆነ ድምፅ ይዞ ሲመጣ ዜማው ይሞላል፤ ግን ጣዕሙ ሊሄድ ይችላል። ኮርዱን እርግፍ አድርገህ ከተውከው ደግሞ አሥራ ምናምን ነፊ አንድ ዜማ እኩል ይጮሃል እንጂ ኦርኬስትራ አልሆነም። ነርሲስ ዕድሜያቸውን የጨረሱት በዚህ መካከል መንገድ ሲፈልጉ ነው። ሙላቱም በኢትዮ ጃዝ ሲታገል የኖረው ከዚሁ ጋር ነው።

ከዚያ ትላልቆቹ ኦርኬስትራዎች እየሳሱ ሄዱ። ትናንሽ የሆቴል ባንዶች መጡ፤ ከ1974 በኋላ ሰዓት እላፊው የአዲስ አበባን ሌሊት ዘጋው፤ ቀጥሎ ኪቦርድ የትራምፔቱንም የሳክስፎኑንም ቦታ ብቻውን ያዘ። ብዙዎቻችን ያደግነው በኪቦርድ ውስጥ ባለ የትራምፔት ድምፅ ነው።

የኢዘር ኦርኬስትራ መሪ ሳክስፎኒስቱ ረስ ገርሾን ባንዱን የመሠረተው በ1985 ነው። በ1990ዎቹ የእኛን የ60ዎቹና የ70ዎቹ ሙዚቃ በፋልሴቶ ስብስቦች በኩል ሰማና ለኦርኬስትራው ማቀናበር ጀመረ። በ2000 ባወጡት አልበም ውስጥ የኢትዮጵያ ሥራዎች ገቡበት። ፋልሴቶ ያንን ሰምቶ ነው ወደ አዲስ አበባ የጋበዛቸው። ሰዎቹ ዜማችንን ካሴት ላይ እንዳለው አስመስለው ሊጫወቱ አልመጡም። እዚህ ነው የማከብራቸው። በጃዝ ልማድ አንድ ሥራ የሚከበረው እንደገና ሲከፈት ነው። በፊት አራት መስመር የነበረው ስምንት ይሆናል፤ ትሮምቦኑ በፊት ያልነበረው መልስ ይሰጠዋል።

የጋሽ ጌታቸውን ሽለላ በ«ላይቭ ኢን አዲስ» ላይ በጥሩ ጆሮ ማዳመጫ፣ ድምፁን ከፍ አድርጋችሁ፣ ሌላ ሥራ ሳትሠሩ ስሙት። መጀመሪያ በ1972 ከወጣው ሸክላቸው፣ በኋላም በ2003 በኢትዮፒክስ 14ኛ ሆኖ ከታተመው «የኢትዮጵያ ሳክስፎን ንጉሥ» ጋር አስተያዩት። በወጣትነታቸው የሚያደርጉት ሁሉ በስድሳ ስምንት ዓመታቸውም አለ። አንዱን ድምፅ ይይዙታል። አይለቁትም። ያንቀጠቅጡታል፤ ሰፊ ነው መንቀጥቀጡ፣ ሽላይ ጉሮሮው ውስጥ እንደሚያደርገው። ከዚያ በመሰላሉ ላይ ወደ ታች ይወረውሩትና ከመሬት ሳይደርስ ይቀልቡታል። ምት ከሥር ቢኖርም እሳቸው ለምቱ ተገዢ አይሆኑም፤ ሲፈልጉ ይቀድሙታል፣ ሲፈልጉ ያስጠብቁታል። ከኋላ ያሉት ዘጠኝ አሥር ሰዎች የተማሩ፣ ኖታ ውልፍት የማይልባቸው ሙዚቀኞች ናቸው፤ ግን ይጠብቃሉ። ሽማግሌ ሲናገር ዝም ብሎ የሚሰማ ጉባኤ ይመስላሉ። የዚህ አልበም ትልቁ ነገር ለእኔ ይህ መጠበቅ ነው። የድሮ ሥራ ለመድገም መጀመሪያ ሥራው ውስጥ ለሚኖረው ሰው ቦታ መልቀቅ ያስፈልጋል።

አንዳንድ የውጭ ጸሐፊዎች ጋሽ ጌታቸውን ከአሜሪካዊው አልበርት አይለር ጋር ያመሳስሏቸዋል። ጩኸቱና መንቀጥቀጡ ስለሚመሳሰል ልክ ናቸው። ግን አይለር የመጀመሪያ ቅጂውን ያወጣው በ1960ዎቹ ነው፤ ጋሽ ጌታቸው ደግሞ ከዚያ በፊት ለዓመታት በቲያትር ቤቱ ሲሸልሉ ኖረዋል። የመጡበት መንገድ ሌላ ነው። ይህ ነፃ ጃዝ የሚሉት ነገር እኛ ዘንድ የአርበኛ ልጅ ከአባቱ የሚቀበለው ነው።

አዲስ አበባ ላይ ከኢዘር ኦርኬስትራ ጋር በተጫወቱበት በዚያው በ2004 ሌላ ነገር ሆነ። «ዘ ኤክስ» የተባለው የሆላንድ ፓንክ ባንድ የ25ኛ ዓመት በዓሉን አምስተርዳም ሲያከብር ጋሽ ጌታቸውን ጠራቸው። እዚያ አብረው ሲጫወቱ ጋሽ ጌታቸው ባንዱን ወደዱት፤ እኔን አጅቡኝ አሏቸው። በ2006 «ሞዓ አንበሳ» የተባለው አልበም ወጣ። ያለበት ሥራ በአብዛኛው የራሳቸው የቆየ ሥራ ነው። ግን አሁን ከሥሩ የሚጮህ ጊታርና የማያባራ ከበሮ ነው ያለው። በዚያ መድረክ ላይ ፎቶዎቻቸውን ፈልጉ። የአንበሳ ጎፈር ራሳቸው ላይ፣ ካባ ትከሻቸው ላይ፣ ሳክስፎኑ ደረታቸው ላይ። አጠገባቸው ቲሸርት የለበሱ ፈረንጆች ላብ በላብ ሆነው ጊታር ይደበድባሉ። ሁለተኛው አልበማቸው በ2012 ተከተለ። በሚያዝያ 2016 ሲያርፉ ከሰማንያ ዓመት አልፏቸው ነበር።

አሁን ወደ «ድሮ ቀረ» ልመለስ። ሽላይ ያንኑ ሽለላ ሁለት ጊዜ አንድ ዓይነት አድርጎ አይሸልልም። በፊቱ ማን እንዳለ አይቶ፣ ለማን እንደሚሸልል አውቆ ይለውጠዋል። ጋሽ ጌታቸው ያንኑ ሥራ ከነርሲስ ኦርኬስትራ፣ ከፖሊስ፣ ከቦስተን ጃዞች፣ ከአምስተርዳም ፓንኮች ጋር ሲጫወቱት ያደረጉት ይህንኑ ነው። እና የመጀመሪያው ቅጂ ብቻ ነው እውነተኛው የሚለውን ሰው አልቀበለውም። ሸክላው አንድ ቀን የተቀረጸ አንድ ሽለላ ነው።

የኦርኬስትራው ሥራ ግን ከሽለላው ይለያል፤ እሱ ወረቀት ይፈልጋል። አሥር ሰው በትንፋሽ ብቻ ተስማምቶ የነርሲስን ቅንብር አይመልሰውም። ኖታ ጠፍቶ ከሆነ ጠፋ። ኢዘር ኦርኬስትራ ከኢትዮጵያውያን እንግዶች ጋር ወደ ነርሲስ ሥራ ተመልሶ «ናልባንዲያን ኢትዮጵያዊው» የተባለ አልበም መሥራቱ የሚያስደስተኝም የሚያሳስበኝም ለዚህ ነው። የሚያስደስተኝ ቅንብሮቹ በሙሉ ኦርኬስትራ ስለተሰሙ ነው። የሚያሳስበኝ ደግሞ ይህን ያህል ሰው፣ ይህን ያህል ልምምድ የሚጠይቀውን ሥራ ዋናውን ሸክም የተሸከመው የቦስተን ባንድ መሆኑ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ግሩም መዝሙር የመሳሰሉ ሰዎች በአዲስ አኩስቲክ ፕሮጀክት የ50ዎቹንና የ60ዎቹን ዜማዎች በፍቅር መልሰው አምጥተዋል፤ ምስጋና ይገባቸዋል። እሱ ግን ትንሽ ባንድ ነው። ትራምፔት፣ ትሮምቦንና ሳክስፎን በረድፍ ተቀምጠው ሲነፉ የሚመጣው ድምፅ ሌላ ነው፤ ደረት ላይ ነው የሚያርፈው።

ለምን ደብረ ብርሃን ላይ አይጀመርም? ዩኒቨርሲቲ አለን። ብርድ ልብስ በመሥራት የምትታወቅ፣ በየዓመቱ ፋብሪካ የሚጨመርባት ከተማ ናት፤ ደመወዝ የሚከፈለው፣ ቅዳሜ ማታ የሚሄድበት የሚፈልግ ወጣት ሞልቷል። የሳክስፎኑ ንጉሥ የመጡበት ይፋት ቁልቁል ወረድ ሲባል ነው። መንፋት የሚፈልግ ልጅ አላጣንም፤ የጎደለን መሣሪያና አስተማሪ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ፊታችን የሚዘረጋ ኖታ ነው።

እና በደብረ ብርሃን፣ በአንኮበር፣ በደብረ ሲና፣ በሸዋ ሮቢት ያላችሁ ወዳጆቼ፦ በክቡር ዘበኛ፣ በምድር ጦር ወይም በፖሊስ ኦርኬስትራ የነፋ አባት ወይም አያት ካላችሁ፣ ሳጥን ውስጥ የተቀመጠ የኖታ ደብተር ካለ፣ ገጽ በገጽ ፎቶ አንስታችሁ ላኩልኝ። ዋናውን አትስጡኝ፣ ከእናንተ ጋር ይቀመጥ። እሳቸው በሕይወት ካሉ ደግሞ ስልክ ደውሉልኝ፤ ቤታቸው ድረስ እመጣለሁ። ኖታ የሚያነቡ ሁለት ጓደኞች አሉኝ፣ አንድ ትሮምቦን አለን፣ የምንለማመድበት ክፍልም ተገኝቷል። በሽለላ እንጀምራለን።