የከብት ነው አልኩት

የእህቴ ልጅ ዛሬም ቦንጋ ውስጥ ሰው በተሰበሰበበት ሁሉ «ከጉማሬ ያተረፈኝ አጎቴ ነው» ይላል። ቡና ሲፈላ ወሬው ይነሣል፤ እህቴም ትመርቀኛለች። እኔ «አሜን» ብዬ ሲኒዬን አነሣለሁ።

ያን ቀን አምባዛ ልናጠምድ ጎጀብ ረግረግ ወርደን ነበር። ልጁ የ14 ዓመት ነው። ሣሩ መሃል አንድ መንገድ አገኘን፤ ግራና ቀኙ የተቦረቦረ፣ መሃሉ ጎበጥ ያለ። ጉማሬ እግሮቹን አራርቆ ስለሚረግጥ መንገዱ እንዲህ ነው። ቁጥቋጦው ላይ ደግሞ እርጥብ እበት ተረጭቷል። ወንዱ ጉማሬ በጭራው እየበተነ ይጥላል፤ ከብት እንዲህ አያደርግም።

«አጎቴ፣ ይሄ የምንድን ነው?» አለኝ።

«የከብት ነው» አልኩት።

የዋሸሁት ፈርቶ «እንመለስ» እንዳይለኝ ነው። ባዶ እጄን መግባት አልፈለግኩም። ጀምበር ስታዘቀዝቅ ጉማሬ ለግጦሽ ከውኃ እንደሚወጣ ከአባቴ የሰማሁት በልጅነቴ ነው። «መንገዱ ላይ አትቀመጥ፤ በእሱና በውኃው መሃል አትግባ» ይለኝ ነበር። ልጁ ሲያፏጭ እንኳ ዓሣው ይሸሻል ብዬ ዝም አሰኘሁት። በአላስካ ዓሣ አጥማጆች ድቡ ድንገት እንዳይደነግጥባቸው እየተነጋገሩ እንደሚሄዱ ያነበብኩት ከዓመታት በኋላ ነው። እኛ አገር ድብ የለም፤ አውሬ ሲደነግጥ ምን እንደሚያደርግ ግን ሳላነብም አውቅ ነበር።

ጉማሬዋ ከነልጇ ብቅ ስትል እሱ መንገዱ ላይ ተቀምጦ መንጠቆው ላይ ትል ይሰካል። ክንዱን ይዤ ወደ ጎን ወረወርኩት። አጠገባችን አልፋ ሄደች። ክርኑ ተሰበረ፤ ዛሬም በደንብ አይዘረጋም። ያተረፍኩት ራሴ ካስቀመጥኩበት ቦታ ነው።

ዩኔስኮ የከፋን ደን በ2002 ዓ.ም. በባዮስፌርነት ከመዘገበው ወዲህ ጉማሬ ሊያዩ የሚመጡ እንግዶች አሉ። ልጁም አስጎብኚ ሆኗል። ባለፈው እሑድ በዚያው በጎበጠ ክንዱ ሲኒ እያቀበለኝ፣ «አጎቴ፣ ለአዲሶቹ ልጆች የጉማሬ መንገድ በምን እንደሚታወቅ አንተ አስረዳልኝ» አለኝ።

«እሺ» አልኩት። ስለዚያ እርጥብ እበት ለእነሱ ከማውራቴ በፊት ግን ይህን ወረቀት እሱ ያነበዋል።