ስሙ ቁጥር የሆነ ቦታ

መጀመሪያ ሳየው ዳታው የተበላሸ መስሎኝ ነበር። ቅዳሜ ማታ፣ ከሥራ ውጪ ለራሴ ብዬ የአሜሪካ አብዮት ዘመን ካርታ እየሠራሁ፣ «የቦታ ስም» የሚለው ዓምድ ላይ 96 የሚል ቁጥር ተቀምጧል። ላጠፋው ስል አንድ ነገር ያዘኝና ፈለግኩት። ለካስ ስሙ ራሱ ናይንቲ ሲክስ ነው፤ በሳውዝ ካሮላይና፣ ከቻርለስተን ወደብ ርቆ ወደ መሃል አገር ያለ ጠረፍ። ፍራንሲስ ሳልቫዶርን ያገኘሁት እዚያ ነው።

ሳልቫዶር በ1747 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ ናቸው) ለንደን ውስጥ፣ ከፖርቱጋል አይሁዶች በሚወለድ ሀብታም ቤተሰብ ተወለደ። የቤተሰቡ ሀብት ሲናጋ ሚስቱንና አራት ልጆቹን ለንደን ትቶ በ1773 ተሻገረ፤ ኢንዲጎ ሊያለማ መሬት ያዘ። ብዙም ሳይቆይ ጎረቤቶቹ ለክፍለ ግዛቱ ኮንግረስ መረጡት።

ሕጉ ግን አይፈቅድም። የ1721 የምርጫ ሕግ መራጩ እንኳን ክርስቲያን መሆን አለበት ይላል። በእኛ ሙያ ቋንቋ፣ ሲስተሙ ሊቀበለው የማይገባ ግብዓት ነበር። ሰዎቹ አሳለፉት።

በጁላይ 1776 መጀመሪያ፣ ሰፋሪዎች መሬታቸውን እየገፉ የመጡባቸው ቸሮኪዎች ጠረፉን ሲመቱ፣ ሳልቫዶር ፈረሱን ጭኖ ወደ 45 ኪሎሜትር ጋልቦ ለሻለቃ ዊሊያምሰን ወሬውን አደረሰ። ከወር በኋላ፣ ኦገስት 1 ሌሊት፣ ኪዮዊ ወንዝ አጠገብ ቸሮኪዎችና የንጉሡ ደጋፊዎች አድፍጠው ጠበቋቸው። በጥይት ተመታ፤ የራስ ቅሉ ቆዳ ተገፈፈ። ዊሊያምሰን እንደጻፈው፣ እያጣጣረ «አሸነፍናቸው?» ብሎ ጠየቀ። «አዎ» ሲለው ደስ አለው፤ ጨብጦት ተሰናበተ። ዕድሜው 29 ነበር። የነፃነት አዋጁ ቻርለስተን ላይ በአደባባይ የተነገረው ከአራት ቀን በኋላ ነው።

እኔ በሚቀጥለው ዓመት 29 ይሞላኛል። እንደሱ፣ አሜሪካ ከመጣሁ ገና ሦስት ዓመት አልሞላኝም። «አገርህ የት ነው?» ሲሉኝ አፌ ይያዛል። ለዚህ ነው መሰለኝ የሱ ታሪክ እንቅልፍ የነሳኝ፤ በቃ፣ ቆጥሮ ላላስገባው ቦታ ሞተ። በ1778 የወጣው የሳውዝ ካሮላይና ሕገ መንግሥትም ምክር ቤት የሚገባው ፕሮቴስታንት ብቻ ነው አለ። እሱ ተቀምጦበት የነበረው ወንበር ለመሰሎቹ ተዘጋ፤ የተከፈተው በ1790 ነው።

እዚህ ላይ ባቆም ደስ ይለኝ ነበር። ግን ኢንዲጎውን ያለሙለት በባርነት የገዛቸው ወደ 30 የሚጠጉ ጥቁሮች ናቸው። እኔን የሚመስሉት እነሱ ናቸው። ለሳልቫዶር የተከፈተው በር ለነሱ አልተከፈተም፤ እሱም አልከፈተላቸውም።

96ን አላጠፋሁትም። አጠገቡ የሳልቫዶርን ስም፣ ከወንዙ ዳር ደግሞ የቸሮኪዎቹን ከተማ ኪዮዊን ጻፍኩ። ከዚያ እርሻው ላይ አንድ ነጥብ አደረግኩ፤ «30 ሰዎች» ብዬ። ሲነጋ ስልኬ ጠራ፤ እማዬ ነበረች። «አልተኛህም እንዴ?» አለችኝ። «ካርታ እየሠራሁ ነው» አልኳት።