ለሚረግጥ እግር ብቻ የሚያግዝ ሞተር



ስለ ኤሌክትሪክ ብስክሌት ወሬ ሲነሳ ሁልጊዜ የምሰማው ቀልድ አለ፤ «ሞተር ካለው ምኑን ሳይክል ሆነ?» የሚል። ለማስተርስ ትምህርት ወደ ዙሪክ ከመጣሁ ወዲህ እዚህም ያው ቀልድ አጋጥሞኛል። በጉልበታቸው ብቻ ተራራ የሚወጡ ብስክሌተኞች፣ በሞተር የሚያልፋቸውን ሰው ፈገግ ብለው ያዩታል። ፈገግታው «ተወሰድክ እንጂ አልወጣህም» የሚል ይመስላል። ቀልዱ ውስጥ ግን ቁም ነገር አለ። ሰው ታግዞ የደረሰበት ቦታ የራሱ ነው ወይስ አይደለም? እገዛ ሰውን በእግሩ የሚያቆመው መቼ ነው? ቁጭ የሚያደርገውስ መቼ ነው? ባለፈው ሐምሌ በአልፕስ ሐይቆችና የግጦሽ መሬቶች መካከል ያሳለፍኩት አንድ ቀን ለዚህ ጥያቄ መልስ ስለሰጠኝ ላካፍላችሁ ወደድኩ።

አብረውኝ የነበሩት «ጋሼ» እያልኩ የምጠራቸው የ63 ዓመት ሰው ናቸው። ትውልዳቸው ወሎ፣ ሐይቅ አካባቢ ነው፤ ልጅነታቸውን ያሳለፉት ከብት ሲጠብቁ ነው። ስዊዘርላንድ ከገቡ ከ30 ዓመት በላይ ሆኗቸዋል። የኮምቦልቻ ልጅ መሆኔን ከሰሙበት ጁሙዓ ጀምሮ እንደ ልጃቸው ነው የሚያዩኝ። ከ2 ዓመት በፊት የቀኝ ጉልበታቸው ኦፕሬሽን ተደርጓል። ሐኪማቸው «ሳይክል መንዳት ይጠቅምዎታል፤ ዳገትና ቁልቁለት በእግር ግን ይቅርብዎት» ብሏቸዋል። እሳቸው ደግሞ አንድ ምኞት ነበራቸው። ላሞች የሚከርሙበትን የተራራ ግጦሽ ከታች ከሸለቆው ተነስተው፣ በራሳቸው እግር ወጥተው ማየት።

«በኬብል ካር አይሻልም ጋሼ?» ብዬ ጠይቄያቸው ነበር።

«ወጥቼበታለሁ ልጄ» አሉኝ። «ሳጥን ውስጥ ቆሜ፣ በመስታወት እያየሁ፣ ሳላስበው ከላይ አወረደኝ። ተወሰድኩ እንጂ ሄድኩ አልልም።»

እዚህ ላይ ስለ ሞተሩ ትንሽ ላብራራ። የኤሌክትሪክ ተራራ ብስክሌት እንደ ሞተር ሳይክል ነዳጅ መስጫ ተጠምዝዞ የሚነዳ አይደለም። ሞተሩ የተገጠመው ፔዳሎቹ የሚዞሩበት ቦታ ላይ ነው። እዚያው ያለ ሴንሰር እግራችን ፔዳሉን ምን ያህል እንደተጫነውና በምን ፍጥነት እንደሚያዞረው ይለካል። ሞተሩ በዚያ ልክ የራሱን ኃይል ይጨምርበታል። እግር ሲቆም ሞተሩም ይቆማል። በአውሮፓ ኅብረት ሕግ እንዲህ ያለው ሞተር ቋሚ ኃይሉ ከ250 ዋት መብለጥ የለበትም፤ ፍጥነቱ በሰዓት 25 ኪሎ ሜትር ሲደርስም ማገዙን ያቆማል። በእጀታው ላይ ባለች ቁልፍ የእገዛው እርከን ይመረጣል፦ ዝቅተኛ፣ መካከለኛ ወይም ከፍተኛ። ከፍ ባለ ቁጥር ለእያንዳንዱ ርግጫ የሚጨመረው ኃይል ይበዛል። ዜሮ በምንም ቢባዛ ግን ያው ዜሮ ነው። ያልረገጠ አይታገዝም።

ከዙሪክ በባቡር ተነስተን፣ በሉሰርን በኩል ኦብቫልደን ካንቶን ውስጥ ወዳለችው ሳርነን ከተማ ገባን። ሁለት አንድ ዓይነት ብስክሌቶች ተከራየን። የእያንዳንዳቸው ባትሪ 625 ዋት ሰዓት ነበር። ሳርነን ከሐይቋ ዳር፣ ከባሕር ወለል በላይ 470 ሜትር ገደማ ላይ ናት። የምንሄድበት ታንአልፕ የተባለው የግጦሽ ቦታ ደግሞ ወደ 1,970 ሜትር ነው። ስለዚህ ሽቅብ የምንወጣው 1,500 ሜትር ነው። ጋሼ፣ ብስክሌታቸውና ሻንጣቸው አንድ ላይ 110 ኪሎ ይሆናሉ። ፊዚክስ የወሰደ ሁሉ ማስላት ይችላል፤ ይህን ክብደት 1,500 ሜትር ለማንሳት ብቻ ወደ 450 ዋት ሰዓት ይፈጃል። በሞተሩ ውስጥ በሙቀት የሚባክነውና የጎማው ሰበቃ ሲጨመርበት፣ ባትሪው ያለ እግር እርዳታ ቢሠራ ኖሮ እንኳ አያደርስም ነበር። የቀኑ ሒሳብ ይኸው ነው። ባትሪው ያለ ጋሼ አይደርስም፤ ጋሼም ያለ ባትሪው አይደርሱም።

በእኛ አቆጣጠር 3 ሰዓት ላይ ጀመርን። በኬርንስ በኩል አልፈን ሜልኽታል ሸለቆ ውስጥ ገባን። ሐምሌ ለእኛ አገር ዝናብና ጭቃ ነው፤ ለእነሱ የበጋቸው እምብርት ነው። ገበሬዎች ሣር አጭደው ያሰጣሉ፤ ሸለቆው በሙሉ ድርቆሽ ድርቆሽ ይሸታል። ጋሼ ሽታውን እየሳቡ «የመስከረም ማለቂያ ይመስላል» አሉ።

ሽቶክአልፕ ስንደርስ 1,075 ሜትር ላይ ነበርን። ኬብል ካሩ የሚነሳው ከዚህ ነው። ሁለታችንም ባትሪያችንን አየን። የእኔ 74 በመቶ ቀርቶታል፤ የጋሼ 55። ጉልበታቸው ጫና ስለማይችል እስከዚያ ድረስ የመጡት በከፍተኛው እርከን ነበር። ከፊታችን ደግሞ የቀኑ ቀጥ ያለ ዳገት፣ ከ800 ሜትር በላይ ሽቅብ ይጠብቀናል። በስልኬ አሰላሁት። በዚሁ ከቀጠሉ ባትሪያቸው ከዳገቱ ጫፍ ላይ ባዶ ይሆናል። እርከኑን ዝቅ ካደረጉ ደግሞ ጫናው ጉልበታቸው ላይ ይወድቃል።

ጋሼ ኬብል ካሩን ቀና ብለው አዩት። ምንም አላሉም፤ ፊታቸው ግን ተናገረ።

«ጋሼ፣ ባትሪ እንለዋወጥ» አልኳቸው። ብስክሌቶቹ አንድ ዓይነት ናቸው፤ ቁልፉም በእጃችን ነው።

«ያንተን ወስጄ አንተ ልትቸገርልኝ? አይሆንም።»

«እርስዎ በ20 ኪሎ ይበልጡኛል። እኔ ቀላል ነኝ፤ ጉልበቴም አልተነካም። የእኔ 74 በመቶ ከእኔ ጋር ቢቀር ትርፍ ነው፤ ከእርስዎ ጋር ቢሄድ ግን መድረሻ ነው።»

ትንሽ አሰቡና «እንግዲያው ዳገቱ ላይ እኔ እጠብቅሃለሁ» ብለው ሳቁ። እውነታቸውን ነበር።

ከሽቶክአልፕ ወደ ሜልኽዜ-ፍሩት የሚወጣው አስፋልት ጠባብ ነው፤ መኪኖች የሚወጡትና የሚወርዱት በሰዓት ተከፋፍለው፣ በተራ በተራ ነው። እኔ ዝቅተኛው እርከን ላይ አድርጌ ወጣሁ። ከመጀመሪያዎቹ ጥምዝምዞች በኋላ ላቤ ዓይኔ ውስጥ ይገባ ጀመር። ጋሼ ደግሞ ከፊቴ፣ ፔዳሉን ቀስ ብለው፣ ሳያቋርጡ እያዞሩ ይሄዳሉ። በየመታጠፊያው ቆመው ውኃ ይዘው ይጠብቁኛል። የ63 ዓመት ባለ አንድ ጉልበት ሰው የ25 ዓመት ወጣትን «በርታ ልጄ!» ሲል መስማት ደስ ይላል። ያን ቀን ግን ሁለታችንም በየአቅማችን ልክ እየሠራን ነበር። የእሳቸው አቅም ከእኔ ያነሰ ስለሆነ የሞተሩ ድርሻ በዛ፤ የእኔ ስለሚበልጥ አነሰ። መንገዱ አንድ ነው፤ መድረሻውም አንድ።

ፍሩት ስንደርስ 7 ሰዓት ተኩል አልፎ ነበር። የሜልኽዜ ሐይቅ 1,891 ሜትር ላይ፣ በሣርና በድንጋያማ ተራሮች መሐል ተዘርግቷል። ባትሪዎቹን አየን፤ የእሳቸው 32፣ የእኔ 40 በመቶ። ጋሼ ቁጥሮቹን አይተው «ሰጥተኸኝ አልጎደለብህም» አሉ።

ዙሁር ገብቶ ስለነበር ከከብት ማጠጫው ገንዳ በሚወርደው ውኃ ዉዱእ አደረግን። በረዶ ነው! ቂብላ ከዚህ ወደ ደቡብ ምሥራቅ ነው። ጋሼ ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ሰገዱ። መቆም ወይም መደፋት ያልቻለ ሰው በሚችለው ይሰግዳል፤ ሰላቱም ሙሉ ነው እንጂ ግማሽ አይባልም። ይህን ሁላችንም ከልጅነታችን ጀምሮ የምናውቀው ነው። ስለ ሞተር ስናወራ ግን የምንረሳው ይመስለኛል።

ከሜልኽዜ ወደ ታነንዜ የሚወስደው መንገድ ብዙም ዳገት የለውም። ታነንዜ 1,976 ሜትር ላይ በግድብ የተያዘ ሐይቅ ነው፤ ውኃው ኤሌክትሪክ ለማመንጨት ያገለግላል። ስዊዘርላንድ ከኤሌክትሪኳ ከግማሽ በላዩን የምታገኘው ከውኃ ነው። ስለዚህ ከተራራ የወረደ ውኃ ባትሪያችንን ሞልቶ መልሶ ወደ ተራራ አወጣን ብንል ብዙም አልተሳሳትንም።

ታንአልፕ ላይ ላሞቹ ነበሩ። ቡናማ፣ ሰፋፊ፣ አንገታቸው ላይ ትልልቅ ቃጭል ያንጠለጠሉ። ከሩቅ ቲትሊስ ተራራ፣ 3,238 ሜትር፣ በረዶውን ተከናንቦ ይታያል። ጋሼ ግን ተራራውን አላዩትም። ብስክሌታቸውን አጥሩ ላይ አስደግፈው፣ በወሎ እረኛ ድምፅ ላሞቹን ተጣሩ። አንዷ ቀና ብላ አየቻቸው። ዓይናቸው እንባ አቅርሮ ነበር፤ እኔም ወደ ሌላ አቅጣጫ ዞር አልኩ።

ከጎጆዋ የወጣች እረኛ ወተት ሸጠችልን። ጋሼ በጀርመንኛ አወሯት፤ ለእኔም አስተረጎሙልኝ። ግጦሹ የአንድ ሰው አይደለም፤ በኦብቫልደን እንዲህ ያሉ ብዙ ተራሮች የነባር ነዋሪዎች ማኅበራት የጋራ ንብረት ናቸው። ስንት ላም መውጣት እንደሚችል የተቆረጠ ቁጥር አለ። ወደ መስከረም ላሞቹ በአበባ አጊጠው ይወርዳሉ። ይህ የተራራ ግጦሽ ወቅት በ2023 (እ.ኤ.አ.) በዩኔስኮ የማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ላይ ሰፍሯል።

ይህ ሥርዓት የአንድ አካባቢ ብቻ አይደለም። ቫሌ ካንቶን ውስጥ ቶርበል በምትባል መንደር በ1517 የተደነገገ ደንብ ማንም ሰው በበረዶው ወራት በራሱ ድርቆሽ ሊቀልባቸው ከሚችላቸው ላሞች በላይ ወደ ጋራው ግጦሽ እንዳያወጣ ይከለክላል። ሮበርት ኔቲንግ መንደሯን አጥንቷታል፤ ኤሊኖር ኦስትሮም ደግሞ በ1990 ባሳተመችው መጽሐፏ ሰዎች የጋራ ሀብትን ሳያጠፉ መጠበቅ እንደሚችሉ ለማሳየት ተጠቅማበታለች። በ2009 የኢኮኖሚክስ ኖቤል ሽልማት ያገኘች የመጀመሪያዋ ሴት እሷ ናት። በአገራችንም መንዝ ውስጥ የጓሳ ሣር «ቄሮ» በሚባል ነባር ደንብ ለመቶዎች ዓመታት እየተዘጋና እየተከፈተ በጋራ ይጠበቅ ነበር።

ይህን ለጋሼ ስነግራቸው «የሐይቅ ሽማግሌዎችም ግጦሽ ይከልሉ ነበር» አሉ። ቀጥለውም «ደንቡ ግን ብልህ ነው። ክረምቱን ሙሉ ያጨደ ነው ከጋራው የሚካፈለው። ሳያጭድ የሚመጣ የለም።»

እኔም ወዲያው ፔዳሉ ውስጥ ያለው ሴንሰር ትዝ አለኝ። ከጋራው የሚደርስህ አንተ ባዋጣኸው ልክ ነው። ልዩነቱ፣ የብስክሌቱ ሞተር የእያንዳንዱን ሰው አቅም አይቶ ማባዣውን መቀየር ይቻላል። ጥሩ እገዛ ሁለቱንም የያዘ ይመስለኛል፤ መዋጮን ይጠይቃል፣ መዋጮውን ግን በአቅም ይለካል።

ስንመለስ በየመንገዱ ያለውን የከብት በር እየከፈትን፣ አልፈን መልሰን ዘጋን። ያልተዘጋ በር የአንድ ገበሬ ቀን ማበላሸት ነው። ቁልቁለቱ ላይ እንዲህ ያለው ብስክሌት ከባድ ስለሆነ ፍሬኑ ይግላል፤ ሁለቱንም ፍሬኖች እያፈራረቅን፣ በየመሐሉ ቆመን እያቀዘቀዝን ወረድን። ባትሪው በቁልቁለት ተመልሶ አይሞላም፤ ቢሆንም ሳርነን ስንደርስ ለሁለታችንም ተርፎ ነበር።

ውድ አንባቢዎች፣ በግቢያችሁ ውስጥ ለእገዛ የሚመጣባችሁ ሰው ብዙ ነው። ካልኩለስ የከበደው ፍሬሽማን አለ፤ ዓይኑ ስለማያይ የሚነበብለት የሚፈልግ አለ፤ ቤተሰቡን ለመርዳት ሌሊት ሲሠራ አድሮ ክፍል ውስጥ የሚያንቀላፋ አለ። መልሱን ጽፎ መስጠት ኬብል ካር ነው፤ ያደርሳል፣ ግን የደረሰው ሰው «ሄድኩ» አይልም። «ራስህን ቻል» ብሎ መተውም ባለ ታማሚ ጉልበቱን ሰው ከዳገቱ ሥር ትቶ መሄድ ነው። መሐሉ ላይ ሌላ መንገድ አለ። ጥያቄውን እሱ ይጀምረው፤ እናንተ በጎደለው ልክ ጨምሩበት፤ ሲቆም ቁሙ፣ ሲረግጥ ርገጡ። ምን ያህል መጨመር እንዳለበት የሚለካው ደግሞ በእናንተ ጉልበት ሳይሆን በእሱ ነው።

የሚታገዘውም ሰው አይፈር። ጋሼ ያን ቀን የወጡትን ዳገት ሞተሩ ወጣላቸው የሚል ካለ፣ ብስክሌቱን ብቻውን ከሽቶክአልፕ ይልቀቀውና ይይ። አይንቀሳቀስም። ታንአልፕ ላይ ላሞቹን የተጣሩት እሳቸው ናቸው፤ እዚያም የደረሱት እየረገጡ ነው። አላህ ለሁላችንም በአቅማችን የሚያግዙንን፣ እኛም በአቅማቸው የምናግዛቸውን ሰዎች ይወፍቀን።